በሃንሰን ቤት ስንት ሰው ይኖር ነበር?

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወር ሊሞላኝ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ፎቁ ይጠይቀኛል። እውነቱን ለመናገር ፎቅ እምብዛም አላየሁም። ያየሁት አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ የድሮ ገበሬ ቤት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የሕዝብ ቆጠራ መዝገብና ቁጥሩ የበዛ ሽንት ቤት ነው። ይህን ስነግራቸው ያዝኑልኛል። እንደ አካሄዴ በቀን በቀኑ ልጻፈውና እናንተው ፍረዱ።

እሑድ

ከቦሌ ስነሳ ሻንጣዬ ውስጥ የራሴ የሆነው ሁለት ሱሪና አንድ ሹራብ ብቻ ነበር። ቀሪው አደራ ነው። መንገደኛ መሆኔ የተሰማ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ዘመድ ሆነ፤ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ድርቆሹ፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት ለማላውቀው ልጇ የላከችው ቆሎ። አሜሪካ እንደ ገባሁ አንዲት የጉምሩክ ሠራተኛ "ይህ የማን ነው?" ብትለኝ፣ እኔም እንደ ሐቀኛ ሰው የእያንዳንዱን ጥቅል ባለቤት ከነሰፈሩ መዘርዘር ጀመርኩ። አራተኛው ጥቅል ላይ ስደርስ በእጇ ሂድ አለችኝ።

ዴንቨር ላይ የተቀበለኝ ጀማል ነው። የመርካቶ ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል፣ የታናሽ እኅቴ የጽጌ ጎረቤት ነው። ሻንጣዬን ከማንሳቱ በፊት አንድ ጠርሙስ ውሃ ሰጠኝ።

"ጋሽ ሙሉጌታ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይህን ይጠጡ፤ ዴንቨር አልቲቲውዱ ሃይ ነው፣ ሰው ይጥላል።"

"ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው።"

"አውቃለሁ። ግን ይጠጡ።"

ጠጣሁ። የነሱ ከተማ ከፍታው አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ነው፤ የኛ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ያልፋል። ቁልቁል ወርጄ መጥቼ "ዳገት ወጥተሃል" እያሉ የሚያዝኑልኝ ሰዎች ዘንድ ነው የከረምኩት። ያገኘኝ ሁሉ ውሃ ያቀርብልኛል፤ እኔም የቀረበልኝን መመለስ አልችልም። የሽንት ቤቱ ቁጥር የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ጽጌ የምትኖረው አውሮራ ውስጥ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ካሉት አፓርታማዎች ባንዱ ነው። ሥራዋ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን ቤታቸው እየሄደች መንከባከብ ነው። እራት ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠበቀችኝ። ሁለተኛውን እንቁላል ስታጎርሰኝ ደስ አለኝ፤ ሦስተኛውን ስታጎርሰኝ አንድ ነገር እንደምትፈልግ ገባኝ።

"ጋሼ፣ ሚስ ሩት የሚባሉ ክላየንት አሉኝ። ስለ አያታቸው የድሮ ሴንሰስ ሪከርድ ውስጥ የሚፈልጉት ነገር አለ። ወንድሜ ኢትዮጵያ ውስጥ የሴንሰስ ኃላፊ ነበር አልኳቸው።"

"የምን ኃላፊ? የሒሳብ አስተማሪ አይደለሁም እንዴ?"

"ቆጥረህ የለ?"

መቁጠሩንስ ቆጥሬያለሁ። በአገራችን ቆጠራ ሲመጣ የሚሰማራው አስተማሪ ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ ገጠር ተመደብኩ፤ በየቤቱ ጠላ ቀረበልኝ፤ አልጠጣም ማለት ነውር ነው። ከስድስተኛው ቤት በኋላ ሰባተኛው ብዬ የገባሁት ያው ስድስተኛው ቤት ነበር። አባወራውም ከኔ ብዙ አልተሻለም፤ ስንመዘግብ በመጀመሪያው ሰባት ልጅ፣ በሁለተኛው ዘጠኝ ልጅ ነበረው። ተቆጣጣሪዬ ይህን ሲያይ የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም። በሚቀጥለው ዙር እኔው በአምስት ቆጣሪዎች ላይ ተቆጣጣሪ ሆኜ ተሾምኩ። ኃላፊነቴ ይኸው ነው።

ሰኞ

ሚስ ሩት የሚኖሩት ግሌንዴል ነው፤ በከተማ የተከበበች ጠባብ ከተማ፣ ቤቱ ሁሉ አፓርታማ። ዘጠና ዓመታቸው ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። በር ላይ እንደ ጨበጡኝ "ውሃ ጠጥተዋል?" አሉኝ። ጠጣሁ።

ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። ከአውሮራ በስተ ምሥራቅ፣ ሜዳው ላይ፣ ሃንሰን የሚባል ገበሬ የሠራው የእንጨት ቤት አለ። አሁን ታድሶ ሙዚየም ሊሆን ነው፤ በሩ ላይም በቤቱ የኖሩት ሰዎች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆማል። የሚስ ሩት አያት አና ያደገችው እዚያ ቤት ነው። ሙዚየሙ ግን ደብዳቤ ጽፎላቸዋል፦ በድሮው መዝገብ ላይ አና ብራንት የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ "የቤት ሠራተኛ" ተብላ ተመዝግባለች፤ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ቤተሰቡ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይቅርታ። ሰሌዳው ዓርብ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል።

"አያቴ የዚያ ቤት ልጅ ነበርኩ ስትል ነው የሞተችው" አሉ ሚስ ሩት። "ውሸታም አልነበረችም። እኔ ከሞትኩ ደግሞ ስሟን የሚያነሳ ሰው የለም።"

አንጀቴን በሉት። ሴትዮዋን ማታለል ኃጢአት መስሎ ስለታየኝ ለጽጌ በአማርኛ፣ "እውነቱን ንገሪያቸው፤ እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ" አልኳት። ጽጌ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ፊታቸው በራ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። እኔም እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ሲናገሩት ነው የሚያመልጠኝ፤ ቢሆንም "ኤክስፐርት" የሚለው አላመለጠኝም።

"ምን አልሻቸው?"

"ያገኝልዎታል አልኳቸው።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ከዚያ ወዲያ ምን እላለሁ?

ማክሰኞ

ጀማል ወደ ሜዳው ቤት ወሰደኝ። ከተማው ሲያልቅ ነገር ሁሉ አብሮ ያልቃል፤ ተራራው ከኋላ ቀርቶ ፊት ለፊት ያለው ሣር፣ አጥርና ንፋስ ብቻ ነው። ሜዳ ብርቄ አይደለም፤ ግን የኛ ሜዳ ላይ ቢያንስ አህያ የሚነዳ ሰው ይታያል። እዚህ ለግማሽ ሰዓት አንድ እግረኛ አላየንም። ይህን አገር የቆጠረው ሰው ጠላ የሚያቀርብለት ቤት ለማግኘት ስንት እንደ ጋለበ አሰብኩና አዘንኩለት።

ልንደርስ ስንል ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። እንደ ባቄላ ጀምሮ እንደ ሎሚ አደገ። ጀማል መኪናውን ዛፍ ሥር ፓርክ ላድርግ ብሎ ዛፍ ፈለገ፤ ዛፍ የለም። በረዶው ካባራ በኋላ ኮፈኑ ላይ የተፈጠረውን ጎድጓዳ እያየ፣ "ምንም አይደል፣ ኢንሹራንስ አለኝ" አለ፤ ድምፁ ግን ምንም አይደል አይልም ነበር።

እኔ በበኩሌ ለጽጌ፣ ለጀማልና ለሚስ ሩት ክብር ስል የጠጣሁት ውሃ ጊዜው ደርሶ ነበር። ከመኪናው ስወርድ ከቤቱ ጀርባ ትንሽ የእንጨት ሽንት ቤት አየሁ። በሩ ላይ የታሰረውን ቀይ ገመድ ፈታሁ፤ ገባሁ፤ ወጣሁ፤ ገመዱን መልሼ አሰርኩ። ንጽሕናውን እያደነቅሁ ስመለስ የሙዚየሙ ኃላፊ ጃኔት አፏን ከፍታ ቆማለች። ሽንት ቤቱ ቅርስ ነው። ከሃንሰን ቤተሰብ ወዲህ የተጠቀመበት የለም። ጀማል ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ መሬት ብትከፈት በገባሁ ነበር፤ ጃኔት ግን ፎጣ አምጥታ በረዶ ያራሰውን ራሴን እንዳደርቅ ሰጠችኝ፣ ከዚያም በፔርሙዝ መኪናዋ ውስጥ የያዘችውን ሾርባ ቀዳችልኝ። ደግ ሴት ናት። ነገሩን አክብዳ ብትይዘው ኖሮ ቀጥሎ ያለው ሁሉ አይሆንም ነበር።

ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ነው። ከማድ ቤቱ ጀርባ አልጋ ብቻ የሚያስገባ ጓዳ አለ፤ "የሠራተኛዋ ክፍል" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጃኔት የመዝገቡን ቅጂ አወጣች። ካርል ሃንሰን፣ አባወራ፣ አርባ አንድ ዓመት፣ የትውልድ አገር ዴንማርክ። ሂልዳ፣ ሚስት፣ ሠላሳ ስምንት፣ ዴንማርክ። አና ብራንት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ስምንት፣ የተወለደችው ነብራስካ የሚባል ግዛት፣ አባትና እናቷ ከጀርመን። በሂልዳ መስመር ላይ ሁለት ትንንሽ ዜሮዎች አሉ፦ ስንት ወለድሽ፣ ስንቱ በሕይወት አለ።

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። እኛም እንጠይቀዋለን። እርሳስ ይዞ ማንም የማያውቀው ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሴትን "ስንት ሞተብሽ" ማለት በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው። አንዲት እናት መልስ ሳትሰጠኝ ገብታ ስታለቅስ ውጭ ቆሜ ጠብቄያለሁ። ሂልዳም ያን ቀን "ዜሮ" ስትል ቆጣሪው መሬት መሬት እንዳየ እርግጠኛ ነኝ።

"ከአስር ዓመት በኋላ የተደረገው ቆጠራስ?" አልኳት ጃኔትን።

"ፈልገን አጣነው" አለች። "አና ብራንትም የለችም፤ የሃንሰን ቤትም የለም። ቆጣሪው ሳያያቸው አልፎ ይሆናል።"

ቆጣሪ ቤት ሊደግም ይችላል። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ቤት ግን እንዴት ያመልጠዋል? ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ።

ረቡዕ

ጽጌ ሥራ ላይ ስለነበረች ከጀማል ጋር መሐል ዴንቨር ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ሄድን። የድሮ መዝገብ ክፍል ውስጥ ያለው ጢማም ሠራተኛ ቅጽ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ሳጥን የቤተሰብ ስም ይላል። "አና" ብዬ ጻፍኩ።

ሰውየው በትሕትና፣ "ይህ የራሷ ስም ነው፤ ፍለጋው የሚጀምረው ከቤተሰብ ስም ነው" አለኝ።

ጀማልን፣ "የምፈልገው እሷን ነው፤ አባቷን ምን ላድርገው፣ በልልኝ" አልኩት።

ጀማል ተረጎመ። ሰውየው ጢሙን ዳበሰና በኮሎራዶ ግዛት ስንት አና እንዳለች እንዳውቅ ነገረኝ፤ ብዙ ናት። እኔ ግን በሕይወቴ ሰውን በአባቱ ስም ፈልጌ አላውቅም። የኛ ትምህርት ቤት ስም መጥሪያ የሚደረደረው በተማሪው ስም ነው፤ አባት የሚጠራው ሁለት አበበ ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ቆጠራ የአና ቀበሌ የሆነውን የዚያን ሜዳ ወረዳ ገጾች ብቻ እንዲያወጣልኝ ለመንኩት። እያንዳንዱ ገጽ ሃምሳ መስመር ነው። ተቆጣጣሪ ሳለሁ እንደማደርገው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመርኩ።

"ጋሽ ሙሉጌታ፣ ሰርች ቢያደርጉት አይሻልም?" አለኝ ጀማል።

"ሰርች እያደረግሁ ነው።"

ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ እየወረድኩ ነበር። ጢማሙ ሰው መጥቶ ስክሪን እንደማይነካ ነገረኝ፣ የጥጥ ጓንትም አመጣልኝ። በጓንት ቀጠልኩ። የቆጣሪው እጅ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው መሬት ነው፤ አዘንኩለት እንጂ እኔ ዘንድ ቢሆን ኖሮ አስደግመው ነበር። የሦስት ዓመት አና አገኘሁ። የስልሳ ዓመት አና አገኘሁ። ሁለት መንታ አገኘሁና አንዷ አና ሆነች። ረፋዱ አልፎ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ካርል፣ ሃምሳ አንድ። ከሥሩ ሂልዳ፣ አርባ ስምንት። ከሥሯ አና፣ ዐሥራ ስምንት።

የካርል አባት ስም የተጻፈው በጭረት ስለሆነ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ሰዎች ሌላ ስም አድርገው አንብበውታል። በአባት ስም የፈለገ ሁሉ ባዶ እጁን የተመለሰው ለዚህ ነው። በሂልዳና በአና ፊት ደግሞ የአባት ስም የለም፤ "እንደ ላይኛው" ለማለት አግድም መስመር ብቻ ተሰምሯል። ከአባወራው ጋር ያላት ዝምድና በሚለው አምድ ላይ፣ በአና መስመር፣ "ሴት ልጅ" ይላል።

ጀማልን ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑ እንባ አቅርሯል። የኔም።

ብሥራቱን ይዘን ግሌንዴል ገባን። ሚስ ሩት እንደሰሙ ተነሥተው ሳንድዊች ሠሩልን፤ የአሳማ ሥጋና አይብ። ጀማል ሥጋውን አይበላም። እኔ ረቡዕ ስለሆነ ሁለቱንም አልበላም። እርስ በርስ እየተያየን ከዳቦው መሃል ሰላጣና ቲማቲሙን መዝዘን በልተን ስናበቃ ሚስ ሩት ሥጋውን አዩት። ጀማል ምክንያቱን አስረዳቸው። ዘጠና ዓመት የሞላቸው ሴት በዱላቸው ተነሥተው ድንች ቀቀሉልን፤ እንርዳዎት ብንል አልሰማም አሉ። ያ ድንች በጨው ብቻ ነበር፤ ከዚያ የጣመ ነገር አሜሪካ ላይ አልበላሁም።

ሐሙስ

አራታችንም፣ ሚስ ሩት ከፊት፣ እኔና ጽጌ ከኋላ ሆነን በተጎደጎደችው መኪና ወደ ሜዳው ቤት ሄድን። ጃኔት የገጹን ቅጂ ደጋግማ አየችው።

"ይህች ሌላ አና ብትሆንስ? እነሱ የወለዷት?" አለች።

ሂልዳ መስመር ላይ ጣቴን አደረግሁ። አሁንም ሁለት ዜሮ። አና መስመር ላይ አደረግሁ። የተወለደችው ነብራስካ፣ አባትና እናቷ ከጀርመን። ዕድሜዋም በአስር ዓመት አስር ዓመት ጨምሯል፤ ይህ ራሱ እኛ አገር ብርቅ ነው።

"እሺ፣ ያችው አና ናት" አለች ጃኔት። "ግን ሂልዳ ካልወለደቻት ልጅ ናት ማለት እንዴት እንችላለን? የጉዲፈቻ ወረቀት የለም። የሙዚየሙ ኮሚቴ ማስረጃ ይጠይቀኛል።"

ሚስ ሩት አቀረቀሩ። እኔ ተናደድኩ፤ ስናደድ እንግሊዝኛዬ ጨርሶ ስለሚጠፋ በአማርኛ ተናገርኩ፣ ጽጌ ተረጎመች።

"ቆጣሪ ወረቀት አይጠይቅም። ማስረጃም አይጠይቅም። ደጃፍ ላይ ቆሞ ባለቤቱ የሚለውን ይጽፋል። ያን ቀን ሂልዳን 'ስንት ወለድሽ?' አላት። 'ዜሮ' አለች። 'ይህችስ ምንሽ ናት?' አላት። 'ልጄ' አለች። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ለአንድ ሰው ነው የነገረችው። መዋሸት ብትፈልግ ኖሮ ዜሮውን አንድ ታደርገው ነበር። የመጀመሪያውም እውነት ይሆናል፤ ሠራተኛ ብለው አስገብተዋት ይሆናል። በአስር ዓመት ውስጥ ግን ልጅ ሆናለች።"

ጽጌ ቃል በቃል ተረጎመችው። ይህን ጊዜ ምንም የጨመረችበት አይመስለኝም። ጃኔት ወደ ጓዳው ሄደች፣ "የሠራተኛዋ ክፍል" የሚለውን ወረቀት በጥፍሯ ላጥ አደረገችና ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ኮሚቴውን ደውዬ እጠይቃለሁ አለች።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ስልክ ስንጠብቅ ዋልን። ጽጌ ከሚስ ሩት ጋር ግሌንዴል ነበረች፤ እኔ ቻምበርስ ሮድ ላይ የሰዉን አደራ ሳድል ዋልኩ። ያ የማላውቀው ልጅ ቆሎውን ሊወስድ ከኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ሥራው ወጥቶ መጣ፤ ውሃ ይዞልኝ።

አስር ሰዓት ላይ ጽጌ ደወለች።

"ጋሼ፣ ጽፈዋታል። 'ካርል፣ ሂልዳ፣ ልጃቸው አና' ተብሎ ይወጣል።"

"ሚስ ሩትስ?"

"ተኝተዋል። ትናንት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ነበር።"

በሳምንቱ ቅዳሜ

የሙዚየሙ ምረቃ ረፋዱ ላይ ነበር። ቀኑ ጠራ፣ ንፋሱ ግን እንደ ልማዱ ባርኔጣ ይሰበስባል። ሣሩ ላይ ወንበር ተደርድሯል፤ ከፊት ያለው ስድስት ወንበር ላይ ለቤተሰቡ የተያዘ ነው የሚል ወረቀት አለ። ሃንሰኖች ሌላ ዘር አልተዉም፤ የሚቀመጡት ሚስ ሩት ብቻ ነበሩ። ጽጌ ክንዳቸውን ይዛ አደረሰቻቸውና ወደ ኋላ ልትመለስ ስትል፣ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ አንድ ሽማግሌ በጎ ፈቃደኛ መጣ። የቤተሰቡን ስም ይመዘግባል።

የሚስ ሩትን ጻፈ። ከዚያ ወደ ጽጌ ዞሮ፣ "እርስዎስ?" አላት።

"እኔ ተንከባካቢያቸው ነኝ፤ ከኋላ እቀመጣለሁ" አለች ጽጌ።

"እሷን አይጠይቁ" አሉ ሚስ ሩት። "እኔን ይጠይቁ።"

"እሺ፣ ምንዎት ናት?"

"ልጄ።"

ሽማግሌው ሚስ ሩትን አየ። ጽጌን አየ። እንደገና ሚስ ሩትን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ስንት ዙር ቆጥሬያለሁ፣ ስንት ቆጣሪ ተቆጣጥሬያለሁ፤ ከዚያ ሰው የተሻለ ቆጣሪ አላየሁም።